ቴስታታው ከመነሣቱ በፊት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1994 ሥሪት የሆነች አውቶማቲክ ቶዮታ ኮሮላ አላቸው፤ ሞተሯ ባለ1.6 ሊትሩ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። ጠዋት ስትነሣ ከላይ በኩል ትንኳኳለች፣ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት ታጣለች። ካምቢዮውም ማርሽ የሚቀይረው ዘግይቶና እየደነገጠ ነው፤ ጠዋት የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ደግሞ ለመያዝ ይቆያል። አንድ ጋራዥ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕረሽን (የጭመቃ ግፊት) ለክቶ 140፣ 138፣ 112 እና 141 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) አገኘ። ከዚያም «የመጽሐፉ ቁጥር 191 ነው፤ አራቱም አልቀዋል፤ ሞተሩ ይውረድ፣ የካምቢዮውም ቫልቭ ቦዲ ይቀየር» አላቸው። ቫልቭ ቦዲ የካምቢዮውን ዘይት ወደየማርሹ የሚመራው ክፍል ነው። ጠያቂያችን መሣሪያ ያላቸውና የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ «ቫልቮቹን በራሴ ግቢ ውስጥ ማስተካከል እችላለሁ ወይ?» ይላሉ።

ይችላሉ። የሥራው ትልቁ ክፍል ትዕግሥትና መለኪያ እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። ነገር ግን አንድም ብሎን ከመፍታትዎ በፊት እነዚያን አራት ቁጥሮች አብረን እናንብብ፤ የተሰጠዎት ፍርድ ስሕተት ነውና።

191 የሚለው ቁጥር እውነት ነው፤ በፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ ላይ 13.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ነው። ግን ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ሲሊንደር የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየራችን ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስሌቱን ሲሠሩት ፍጹም ጤነኛ የሆነ 4ኤ-ኤፍኢ በዚህች ከተማ 145 አካባቢ ያሳያል። መጽሐፉ ከዚህ በታች ከሆነ ሞተሩ ይታደስ የሚልበት 142ም እዚህ ሲደርስ ወደ 108 ይወርዳል። የእርስዎን መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ ወስደን ብንለካት እነዚያ 140ዎቹ 185 ገደማ ይሆኑ ነበር። ሠላሳ ዓመት ላለፈው ሞተር ይህ የሚያስደስት ውጤት ነው።

በዚህ ከተማ ስንት ጤነኛ ሞተር በዚህ አንድ የንባብ ስሕተት ምክንያት እንደተፈታ ሳስብ እቆጫለሁ። በተለይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ እያንዳንዱ አሮጌ ኮሮላ ምትኩ የማይገኝ ንብረት ሆኗል። ስለዚህ የኮምፕረሽን ቁጥር ሲሰጥዎ ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ ያስተያዩት። በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 14 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ ይህን ከፍታው ብዙም አይለውጠውም። ከእርስዎ አራት ቁጥሮች ሦስቱ በሦስት ነጥብ ውስጥ ተቃቅፈው ቆመዋል፤ ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻ ከሌሎቹ በ26 ነጥብና ከዚያ በላይ ወርዷል። የታመመው አንድ ሲሊንደር ነው፤ ንቅጥቅጡም ከዚያው የሚመጣ ነው።

ልኬቱን ራስዎ ይድገሙት። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ እሳትና ነዳጅ እንዳይሄድ ይቋረጥ፣ ሌላ ሰው የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ይርገጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ፔዳሉ ሳይረገጥ የተለካ ቁጥር ምንም አይነግርዎትም። ከዚያ በሦስተኛው ሲሊንደር የካንዴላ ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ዘሎ ወደ ሌሎቹ ከተጠጋ የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው የሚያሾልኩት። ካልተነቃነቀ ከቫልቭ ወይም ከቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ቴስታታ ቫልቮቹ የተቀመጡበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፣ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በሱና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ከልምዴ የምጠብቀው ሁለተኛውን ነው፤ ያውም የጭስ ማስወጫ ቫልቭን።

እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪናዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የሚሰማዎት ማንኳኳት የሚመጣው ክፍተቱ ከሚገባው በላይ ከሰፋ ቫልቭ ነው። ያ ቫልቭ ያስቸግራል እንጂ አይቃጠልም። የሚቃጠለው ድምፅ የማያሰማው ነው። በ4ኤ-ኤፍኢ ላይ ካምሻፍቱ (ካም የሚባሉ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ) ቫልቩን የሚገፋው በኩባያ መሰል ገፊ ላይ በተቀመጠች ሺም በምትባል ክብ የብረት ጠፍጣፋ በኩል ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ወደ ላይ ይሰምጣል፤ በካሙና በሺሟ መካከል ያለው ክፍተትም እየጠበበ ይሄዳል። ክፍተቱ ሲያልቅ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ደግሞ ትኩሳቱን የሚያራግፈው በተዘጋባት ቅጽበት መቀመጫውን ነክቶ ነው፤ ካልነካ ጠርዙ ይነድዳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጆሮ ላይ ምንም አይደርስም። ስለዚህ መኪናዋ ስትንኳኳ ቆይታ ድንገት ዝም ካለች «ዳነች» ብለው አይዘናጉ።

አሁን ወደ መለካቱ እንግባ። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በደንብ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ልኬቶቹ ሁሉ የቀዝቃዛ ሞተር ናቸው። የቴስታታውን ክዳን ያንሡ፤ የካንዴላ ሽቦዎቹን ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ። ካንዴላዎቹ ከወጡ ሞተሩን ከታች በፑሊው ብሎን ላይ ቁልፍ አግብተው በሰዓት አቅጣጫ በቀላሉ ያዞሩታል። በካምሻፍቱ ቁልፍ አድርገው ለማዞር አይሞክሩ። የመጀመሪያው ፒስተን በጭመቃ ጫፍ ላይ ሲደርስ የ1ኛውንና የ2ኛውን ማስገቢያ፣ የ1ኛውንና የ3ኛውን ማስወጫ ይለካሉ። ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር አዙረው የቀሩትን ይለካሉ፤ የ3ኛውንና የ4ኛውን ማስገቢያ፣ የ2ኛውንና የ4ኛውን ማስወጫ። ከተምታታብዎት ቀላሉ ማረጋገጫ የካሙ ጉብታ ነው፤ ጉብታው ከሺሟ ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ ሲያይ ያ ቫልቭ ለመለካት ዝግጁ ነው።

መለኪያው ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው። ቅጠሉ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ትንሽ እየተያዘ መግባት አለበት፤ ምንም ሳይያዝ ከገባ ሰፍቷል፣ በግድ ከተገፋ ጠብቧል። የማስገቢያ ቫልቭ ልክ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው። የማስወጫው እንደ ሥሪት ዓመቱ ከ0.20 እስከ 0.30 ወይም ከ0.25 እስከ 0.35 ነው፤ የእርስዎ መኪና የትኛው እንደሆነ የጥገና መጽሐፏ ይነግርዎታል። መጽሐፉን ካላገኙ 0.30 ላይ ያድርጉት፤ በሁለቱም ወሰን ውስጥ ይገባል። አሥራ ስድስቱንም ቁጥሮች በወረቀት ላይ እንደ ቴስታታው ቅርጽ ሥለው ይጻፏቸው። በቃል አይያዙ።

ቀጥሎ ሺሞቹን መቀየር ነው። ካምሻፍቱ ሳይነሣ ገፊውን ወደ ታች ተጭኖ የሚይዝ ባለሁለት ቁራጭ መሣሪያ አለ፤ በኪራይም ሆነ በውሰት ያግኙት። መሣሪያው ሲገኝ በገፊው ጠርዝ ላይ ያለችውን ስንጥቅ ወደ ካንዴላው በኩል ያዙሩ፣ ሺሟን በቀጭን ካቻቪቴ ቀና አድርገው በማግኔት ያውጡ። ውፍረቷን በማይክሮሜትር ይለኩ። በላይዋ የተጻፈውን ቁጥር ማመን የለብዎትም፤ ሺምም ታልቃለች። ከዚያ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአሮጌዋ ሺም ውፍረት ላይ የለኩትን ክፍተት ይደምሩ፣ የሚፈልጉትን ክፍተት ይቀንሱ። የ3ኛው ሲሊንደር ማስወጫ 0.10 ሆኖ ቢያገኙት፣ ሺሟም 2.80 ብትሆን፣ 2.80 ሲደመር 0.10 ሲቀነስ 0.30 እኩል ይሆናል 2.60። የምትገባው ሺም 2.60 ናት። ፋብሪካው ሺሞቹን ከ2.50 እስከ 3.30 ድረስ በ0.05 ልዩነት ይሠራቸዋል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄደው የሚፈልጉትን ውፍረት ነጥለው ለማግኘት ሊቸገሩ ይችላሉ። ከተፈታ አሮጌ ቴስታታ ላይ አሥራ ስድስቱን በአንድ ላይ ገዝቶ መለካትና መምረጥ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው። ከራስዎ ሞተር ውስጥም ከሰፋው የወጣችው ሺም ለጠበበው የምትሆንበት ጊዜ አለ። ሺም በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ማሳሳት ግን አይሞክሩ፤ ጠንካራው የብረት ቆዳ ይነሣል፣ ፊቷም ይጣመማል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ካሙን ትበላለች። አዲሷን ሺም ሲያስገቡ ቁጥሩ ወደ ታች ይሁን፤ ካሙ የሚንሸራተተው በንጹሑ ፊት ላይ ነው። ሲጨርሱ ሞተሩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙረው ሁሉንም እንደገና ይለኩ።

ልዩ መሣሪያውን ካላገኙ ካምሻፍቶቹን ማንሣት ግድ ይሆናል፤ ይህ ግን ሌላ ደረጃ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጊያው (ካምሻፍቱን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቀበቶ) የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት ብቻ ነው፤ ሌላው በጥርስ ከሱ ይቀበላል። ከጥርሶቹ አንዱ በስፕሪንግ የተወጠረ ድርብ ጥርስ ስለሆነ ከመነሣቱ በፊት በትንሽ ብሎን መታሰር አለበት። የካምሻፍቱ መያዣ ብሎኖች በተራ፣ በየጥቂቱ፣ ካምሻፍቱ ሳያዘነብል እኩል መላላት አለባቸው፤ ሲታሰሩም እንዲሁ፣ እስከ 13 ኒውተን ሜትር ብቻ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት እነዚህን ብሎኖች ከአንድ ጫፍ ጀምሬ ፈታኋቸው። የቫልቭ ስፕሪንጎቹ አንዱን ጎን ብቻ ሲገፉት ካምሻፍቱ አዘንብሎ የቴስታታውን መቀመጫ ሰነጠቀው። የመኪናዋ ባለቤት ቤተሰቡን በዚያች መኪና የሚያስተዳድር ሰው ነበር። ቴስታታውን ከራሴ ደመወዝ ተካሁለት፤ የጠፉበትን ቀናት ግን መመለስ አልቻልኩም። እርስዎ ይህን በጥንቃቄ ለመሥራት ትዕግሥቱ ከሌለዎት መሣሪያው እስኪገኝ ይጠብቁ።

ስለ ቺንጊያው ከጠየቁኝ፣ እዚያ ከደረሱ አይቀር ዕድሜውን ይመርምሩ። 4ኤ-ኤፍኢ ቺንጊያው ቢበጠስ እንኳ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር የማይጋጩበት ሞተር ነው። ይህን የምለው ለዚህ ሞተር ብቻ ነው፤ በብዙ ሌሎች ሞተሮች ላይ የተበጠሰ ቺንጊያ ቫልቮቹን ሁሉ ያጣምማል።

ክፍተቱን አስተካክለው ጥቂት ቀናት ከነዱ በኋላ ሦስተኛውን ሲሊንደር እንደገና ይለኩት። ወደ 130ዎቹ ከወጣ ተገላገሉ፤ ቫልቩ መዘጋት ብቻ ነበር ያቃተው። ካልወጣ ጠርዙ ነድዷል ማለት ነው። ይህንንም ቴስታታው ሳይነሣ ማረጋገጥ ይቻላል። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ቦታ ላይ አቁመው በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕረሰር አየር ይልቀቁና ጆሮዎን ይጠቀሙ። አየሩ በማርሚታው ጫፍ ከወጣ ማስወጫ ቫልቭ፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ ማስገቢያ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ቀለበት፣ ራዲያተሩ ውስጥ ከተንቦጫረቀ ጓርኒሲዮን ነው። አየሩ ሲገባ ሞተሩ ሊሽከረከር ስለሚችል ቁልፉን ከፑሊው ላይ ያንሡ፣ እጅዎንም አያስጠጉ።

ቴስታታውን ማንሣት የግድ ከሆነ ሥራውን ለሁለት ይክፈሉት። መፍታቱን፣ ማጽዳቱን፣ በቫልቭ ማሟሻ ቅባት ፊቶቹን እርስ በርስ ማላመዱንና የቫልቭ ጎሚኒዎቹን (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎች) መቀየሩን ግቢዎ ውስጥ ይሥሩ። የተቃጠለ መቀመጫ መቁረጥንና የቴስታታውን ፊት ማስተካከልን ግን ማሽን ላላቸው ወርክሾፖች ይተዉ። በማሟሻ ቅባት የተበላ መቀመጫ ለማዳን ሰዓታት የሚያሻሹ ሰዎች አይቻለሁ፤ መቀመጫው እየሰፋ ይሄዳል እንጂ አይድንም። ወደ ማሽን ቤት ከመላክዎ በፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ የቴስታታውን ፊት በርዝመቱም፣ በአግድሙም፣ በማዕዘኑም ይፈትሹ፤ ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ይነገራቸው። ሲመለስልዎ ገልብጠው አስቀምጠው በየጓዳው ነጭ ጋዝ ይሙሉና ይጠብቁ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ በቫልቭ በኩል ካረጠበ ሥራው አላለቀም፤ መልሰው ይውሰዱት፣ አይፈሩ። የቴስታታው ብሎኖች ሲፈቱ ከጫፎቹ ወደ መሐል፣ ሲታሰሩ ከመሐል ወደ ጫፎቹ፣ በደረጃ በደረጃ ነው።

ወደ ካምቢዮው ልምጣ። ቫልቭ ቦዲው ይቀየር የሚለውን ምክር አሁን አይቀበሉት። ምክንያቱን ልንገርዎ። በእርስዎ ዘመን ኮሮላ አውቶማቲክ ካምቢዮ ላይ ከሞተሩ የአየር በር ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ሽቦ አለ። ፔዳሉን በረገጡ መጠን ሽቦው ይሳባል፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ይጨምራል፣ ማርሹም ዘግይቶና ጠንክሮ ይቀየራል። ጉልበት ያጣ ሞተር የሚነዳ ሰው ደግሞ ሳያውቀው አብዝቶ ይረግጣል። ሦስተኛው ሲሊንደር በደከመ ቁጥር እግርዎ እየጠለቀ፣ ሽቦው እየተሳበ፣ ካምቢዮው እየደነገጠ መጥቷል። ሁለተኛው ሕመም የመጀመሪያው ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይስተካከል ካምቢዮውን መፍታት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሞተሩ ከተስተካከለ በኋላ ከቀላሉ ይጀምሩ። የካምቢዮውን ዘይት መኪናዋ ሞቃ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መምረጫውን በሁሉም ቦታ አሳልፈው ወደ ፒ ከመለሱ በኋላ ይለኩ። የጠቆረና የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ማርሹን የሚይዙት ሰሌዳዎች) ተጎድተዋል፤ ያን ጊዜ ቫልቭ ቦዲ መቀየር አያድንዎትም። ቀይ ወይም ቡናማ ከሆነና ካልሸተተ ተስፋ አለ። ሽቦውን ደግሞ የአየር በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይመልከቱት፤ በሽቦው ላይ ያለችው ማቆሚያ ከጎማው ሽፋን ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ መራቅ አለባት። ይህ ልክ ሲዛነፍ ስንት ካምቢዮ ያለ ጥፋቱ እንደወረደ አውቃለሁ።

የኋላ ማርሹን መዘግየት በሰዓት ይለኩት። በሞቀ ዘይት፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግር ፍሬኑ ላይ ሆኖ፣ ከኤን ወደ አር ሲያስገቡ ድንጋጤው እስኪሰማዎት ከ1.5 ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ወደ ዲ ደግሞ ከ1.2 ሰከንድ። በየመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፉ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ጠዋት ብቻ የሚዘገይና ሲሞቅ የሚስተካከል ካምቢዮ ብዙ ጊዜ የሚለምነው አዲስ ዘይትና ንጹሕ ማጣሪያ ነው።

ኮፓውን (የካምቢዮውን የታች ዘይት መያዣ) ሲያወርዱ ከውስጥ ያሉትን ማግኔቶች በጣትዎ ይዳስሱ። እንደ አመድ የላመ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነው። የሚያብለጨልጭ የብረት ፍንጣሪ ወይም የነሐስ ብናኝ ካገኙ መልሰው ይዝጉትና ለካምቢዮ ባለሙያ ያሳዩ። ማጣሪያውን ይቀይሩ፤ የኮፓው ብሎኖች 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ የሚታሰሩ ስለሆኑ ክንድዎን ይቆጥቡ፤ ጠማማ ኮፓ ሁልጊዜ ያፈሳል። ሲፈስ የሚወጣው ከጠቅላላው ዘይት ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የወጣውን ያህል በዴክስሮን 2 ወይም 3 ተክተው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ነድተው እንደገና ይቀይሩት።

ቫልቭ ቦዲውን ራሱን መፍታት የሚፈቀደው ይህ ሁሉ ተደርጎ ማርሽ ሲጣበቅ ወይም ሲዘልል ብቻ ነው። ያን ጊዜም ነፋስና አቧራ በማይገባበት ክፍል፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ፣ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ እያነሡ። ሁለቱ ግማሾች ሲለያዩ ትንንሽ ኳሶች ከየቦታቸው ይወርዳሉ፤ አንዷ ብትጠፋ አንድ ማርሽ ሊጠፋ ይችላል። ጤነኛ ቫልቭ በዘይት ረጥቦ ቀዳዳው ሲዘቀዘቅ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። የሚያዝ ካለ በንጹሕ ዘይት ያጥቡት፣ በወረቀት አይፈግፍጉት፤ የሚነሣው ሺህኛ ሚሊ ሜትር ግፊት የሚያመልጥበት በር ይሆናል። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ይለያያል፤ በካርቶን ላይ የቫልቭ ቦዲውን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት የዘይት ማንኪያውን ሙከራና የቫልቮቹን ልኬት ብቻ ነው። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥተው ከሥሯ አይግቡ፤ ጠንካራ ማቆሚያ ይደግፏት። አሥራ ስድስቱን ክፍተቶች፣ የወጡትን ሺሞች ውፍረትና የሦስተኛውን ሲሊንደር አዲስ ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ የትኛዋ ሺም ወዴት እንደምትሄድ አብረን እናሰላለን።